የሚጮኸው ኮምፒውተርና የየኔታ ድምፅ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለም ለዳኛቸው፣ ጎተንበርግ፣ ስዊድን

ሰላምታዬ ካለህበት በጤና ያግኝህ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ክብር ለፈጣሪ ቆመን እንሄዳለን። እናቴ እመቤቴ ግንባርህን ትስምሃለች። ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ጤፉ ዘንድሮ ደህና ይመስላል።

ወረቀት የያዝኩት እንደ ድሮ ሰው መሆን አምሮኝ አይደለም። ኢንተርኔቱ እንደጠፋ ነው። ስልኩም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ሲመጣም «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል ያልቃል። ስለዚህ ይህን በሚኒባስ ባሕር ዳር ለአክስታችን ልጅ ለፋሲል እልካለሁ። እሱ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል፤ ያንተን ደግሞ አትሞ በመኪና ይልክልኛል። መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው ታዲያ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንተ የኔታ የምትላቸው አባባ ታመዋል። ክረምቱን ሙሉ ድምፃቸው ሲሻክር ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል ስናጠጣቸው ከረምን። ባሕር ዳር ወስጄ ባስመረምራቸው ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት ተገኘ፤ ያውም ክፉው ዓይነት። ሐኪሙ ከልደት በፊት በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብሏል። እብጠቱ የሚወጣው ግን ከነድምፅ ማውጫቸው ነው። ከዚያ በኋላ በሕይወት ይኖራሉ፣ ይበላሉ፣ ይራመዳሉ፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። የመርጌታ ወልደጊዮርጊስ ድምፅ ሊጠፋ ነው፣ ዳኛቸው። እኔ እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

ለአባባ ስነግራቸው «እንግዲያው የልደቱን ወረብ ቅጂልኝ» አሉኝ። ከመምህራቸው የተቀበሉትን አወራረድ እንደ እሳቸው አሟልቶ የያዘ ሰው አሁን የለም። ወንበሬን ይወርሳል ያሉት ልጅ ዜማውን ጀምሮ፣ ሳይጨርስ በመተማ በኩል እንደወጣ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱን አላነሳብህም።

መጀመሪያ በስልኬ ቀዳኋቸው። ድምፃቸው ሳስቷልና ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ መሰለ። ሲሰሙት «ይህ እኔ አይደለሁም» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ደህና ማይክ ተውሼ ለሰው በምተይብባት ጽሕፈት ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ልቀዳ ተነሳሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ኮምፒውተሩ ይጮኻል! ውስጡ ያለው ማራገቢያ ሲነሳ የወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው። የማይኩ ገመድ አጭር፣ ቤቷ አንዲት ክፍል፤ የት ላርቀው? አባባ ሁለት ቃል ይሉና ያቆማሉ። «ይህ ሳጥን የጀመረውን ይጨርስ፣ ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ» ይላሉ። እኔም መሳቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ይገባኛል።

እዚህ ያለ አንድ ጠጋኝ ዘይት ጠብ አደረገበት፤ ትንሽ ሰነበተና ብሶበት ተነሳ። መቀየር አለበት ይላሉ፣ ዕቃው ግን እዚህም ባሕር ዳርም የለም። ገንዘብ እንዳትልክልኝ፤ የጠየቅሁህ ገንዘብ አይደለም። ማራገቢያውን ከሥሩ ካለው ማቀዝቀዣ ብረት ጋር ላክልኝ፣ አገጣጠሙንም ጻፍልኝ። እኔ መተየብ እንጂ የኮምፒውተር ሆድ አይቼ አላውቅም።

በናፍቆት፣ ታናሽህ ማስተዋል


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ለማስተዋል

ሰላምና ጤና ከደጃችሁ አይራቅ። ለእማማ እመቤቴ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ መደርደሪያ ሥር ቆሜ አነበብኩት። አለቃዬ መጥቶ ምን ሆንክ አለኝ። ምን ልበለው? አጎቴ ታመመ አልኩት። እሱም አዝኖ ውሃ ሰጠኝ። የኔታ ድምፃቸውን ሊያጡ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማን ይነገራል?

አንድ ነገር ልንገርሽ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሻጊ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የራሴን ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ አንድ ጊዜ ቪዲዮ እያየሁ ቀይሬ አውቃለሁ። እንግዲህ ሁለት ጀማሪዎች ነን፤ እኔ አንድ እርምጃ ብቀድምሽ ነው። ቢሆንም እናደርገዋለን።

ማቀዝቀዣ ሁሉ ለሁሉም ኮምፒውተር አይሆንም። መብራቱን ንቀዪ፣ ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተሽ የግራውን ክዳን አውጪ። ማራገቢያው የተቀመጠበት ትልቅ ሰሌዳ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ከሰሌዳው እስከ ክዳኑ ያለውንም በማስመሪያ ለኪ፤ ረጅም ገዝቼ ክዳኑ አልዘጋ እንዳይልሽ።

ቶሎ በይ። ትዝታ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ለእህቷ ሠርግ በኅዳር አጋማሽ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ከዚያ ባሕር ዳር ላለው ለፋሲል ታደርስልኛለች። እሷ ካመለጠችን ከልደት በፊት ሌላ ተጓዥ አላውቅም።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። የኔታ ስሜን ያነሳሉ? ካላነሱም ሳትደብቂ ንገሪኝ።

ወንድምሽ ዳኛቸው


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤህ ሐሙሲት ከተማ ላይ መኪናው ቆሞ ስለነበር ገና ትናንት ደረሰኝ። ተጓዧ እንዳትሄድብን ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየመኝ።

ከፈትኩት። ጉድ ነው! አቧራው እንደ ዱቄት ተጋግሯል። ማራገቢያው ሥር ደግሞ አይጥ የጨርቅ ብጥስጣሽ አከማችታ ቤት ጀምራለች። እናቴ እሪ ብላ ወጣች። ጠራርጌ አበራሁት፤ ጩኸቱ ያው ነው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ ከዚህ በታች ገልብጬልሃለሁ፤ አንዱ መስመር ላይ «ኤል ጂ ኤ 1155» የሚል አለ። የድሮው ማቀዝቀዣ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት፣ ሰሌዳው ቀዳዳ ውስጥ ገብተው የሚይዙ። እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ቁጥሩን ከጽሑፉ ጋር አድርጌልሃለሁ።

የሕክምናው ቀን ተቆርጧል፤ ታኅሣሥ 17 ነው። አባባ አሁን የሚናገሩት ጠዋት ጠዋት ብቻ ሆኗል። ከረፋድ በኋላ በእጃቸው ነው የሚያዙን። ተማሪዎቻቸው እየመጡ ደጅ ላይ ቆመው ይመለሳሉ። እኔ እየፈራሁ ነው። ዕቃው ቢዘገይስ? ብገጥመውና ባቃጥለውስ? ሌላ ኮምፒውተር ከየት አመጣለሁ? እንጀራዬም እሱው ነው።

ሌላ የጠየቅኸኝን በሌላ ጊዜ።

ማስተዋል


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ለማስተዋል

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው፣ እጅሽንም ያቅናው። ትዝታ ነገ ትበራለች። ማቀዝቀዣው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጇ ነው። ሻጩ ድምፁ አይሰማም ብሎ ምሎልኛል፤ እኔም ሱቁ ውስጥ ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁት፤ እውነቱን ነው።

አሁን ቀስ ብለሽ አንብቢ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ አብሪው፤ ማቀዝቀዣው ሥር ያለው አሮጌ ቅባት ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፊው፣ ገመዱን ንቀዪው። የሳጥኑን ብረት በባዶ እጅሽ ንኪ፤ በገላሽ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ነው። የማራገቢያዋን ትንሽ ገመድ ከሰሌዳው ላይ ንቀዪ፣ የተሰካችበትን ግን ልብ በይ፤ አዲሱም እዚያው ነው የሚሰካው። አራቱን እግሮች ባላቸው ቀስት አቅጣጫ አዙረሽ ወደ ላይ ሳቢ። ማቀዝቀዣውን በኃይል አትንቀዪው፤ ግራ ቀኝ እያልሽ አላቅቂው።

ሥሩ የምታዪው አራት ማዕዘን ብረት ፕሮሰሰሩ ነው፤ ጭንቅላቱ እሱ ነው። የደረቀውን ቅባት በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጊው። ከጎኑ ያለውን ማንሻ አትንኪ፣ አደራ! ከዚያ በመርፌ መሰል ነገር የላክሁልሽን አዲስ ቅባት መሐሉ ላይ የስንዴ ቅንጣት ታህል አድርጊ። አትለቅልቂው፤ ራስ መቀባት አይደለም። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው እንዲያልፍ ነው ሥራው።

አዲሱን ቀጥ አድርገሽ አሳርፊና አራቱን እግሮች ተጫኚ። አንዱን፣ ከዚያ በሰያፍ ያለውን፣ እንዲህ እያልሽ። «ቀጭ» ማለት አለበት። ሰሌዳው የሚሰበር ይመስልሻል፤ አይሰበርም። ስታበሪ ክዳኑን ሳትዘጊ አብሪና ማራገቢያዋ መዞሯን እዪ።

ስዕልም አድርጌልሻለሁ፤ እጄ እንደ ዶሮ ነው፣ እንዳትስቂ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የጀመረው።

ያንን ጥያቄዬን አልረሳሁትም።

ዳኛቸው


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ለዳኛቸው

እልል በል! ገጠምኩት!

ዕቃው ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ። ትዝታ እንዳልከው ለፋሲል አድርሳለች፣ ፋሲል ግን የሚያምነው ሾፌር እስኪያገኝ ይዞት ቆየ። ዛሬ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱን ዘግቼ፣ ደብዳቤህን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሥራ ጀመርኩ። አሮጌው አልለቅ ብሎኝ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። አላቅቂው እንዳልከኝ ግራ ቀኝ ስነቀንቀው ቆይቼ በመጨረሻ እሺ አለ።

አባባ ወንበር አስወጥተው ደጄ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ቅባቱን ሲያዩ በእጃቸው ጠርተው «የምን ስብ ነው? ጾም ላይ ነን» አሉኝ በዚያች በሰለለች ድምፅ። አባባ፣ አይበላም እኮ አልኳቸው። «ማን ይብላው አለ? ዜማው አጠገቡ ሊቀመጥ አይደለም?» አይሉኝ መሰለህ! ዕቃው ላይ የአንድም እንስሳ ሥዕል የለም፣ የብረት ዱቄት ነው ብዬ በስንት ልመና አሳመንኳቸው።

እግሮቹን ስጫን አንዱ «ቀጭ» ሲል በቁሜ ጮህኩ፤ የተሰበረ ነው የመሰለኝ። ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ነው የላክኸው! ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፍበት ፊቱ መስታወት ይመስላል። እንዳይጫር ያለበሱትን ስስ ፕላስቲክ እንኳ አልነካሁበትም፤ ከነልብሱ ነው ያስቀመጥኩት። የእናቴን ወንበሮች ታውቃቸው የለ፣ ከተገዙ ጀምሮ ፕላስቲካቸው አልተነሳም፤ እንግዳ ሲቀመጥ ይንጫጫል፣ ግን እንደ አዲስ ናቸው። በቤታችን ደህና ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዘው።

አበራሁት። ዝም! ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ ይዞራል። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አንድ ገጽ ጽፌ አተምኩና እንዳላደክመው አጠፋሁት። አባባ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና «ጨዋ ሆነ» አሉ።

ቀረጻው በሚካኤል ዕለት፣ ታኅሣሥ 12 ጠዋት ነው፤ የቀረቻቸው ድምፅ እስከዚያ እንድትጠራቀም ዝም ብለው ይሰነብታሉ። ከዚያ በላይ የምንጠብቅበት ቀን የለንም። ጸልይልን።

ደስ ያላት እህትህ ማስተዋል


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማስተዋል!

ሰላምታው ይቆየኝ። ፕላስቲኩን አንሺው! ያ ስስ ልብስ መነሳት አለበት። ሙቀቱ በእሱ ውስጥ አያልፍም። ለአንድ ገጽ ጽሑፍ ዝም ይልልሻል፤ ቆየት ካለ ግን ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። እየቀዳሽ ቢሆን ሁሉም ይጠፋል።

ፕላስቲኩን ሳታነሺ እንዳትቀጂ። ማቀዝቀዣውን አውጪ፣ ላጪው፣ ቅባቱን ጠርገሽ አዲስ አድርጊ፤ መርፌው ውስጥ ተርፎ መሆን አለበት።

የእኔ ጥፋት ነው። የራሴን ስገጥም ሳላስበው ላጥኩት፣ ለአንቺም መጻፍ እንዳለብኝ አልታየኝም። ስልክሽን ከጠዋት ጀምሮ እሞክራለሁ፤ አይጠራም። ለፋሲል በማንም ሰው እጅ፣ በእግርም ቢሆን ይድረስላት ብዬዋለሁ።

ዳኛቸው


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳኛቸው

እንዴት ነህ? አባባ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላቸው በሕይወት አሉ። ሐኪሙ ጥሩ ነው ይላል። ይህን የምጽፈው ከሐኪም ቤቱ ግቢ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ያቺ ደብዳቤህ ከትናንት ወዲያ ደረሰችኝ። ከታኅሣሥ 9 ጀምሮ መንገዱ ተዘግቶ ቆይቶ የተከፈተው በሕክምናው ዕለት ማለዳ ነው። አባባን ይዤ መናኸሪያ ስወርድ ፋሲል ከኪሱ አውጥቶ «ይህ ያንቺ ነው፣ የሚወስድልኝ ሰው አጣሁ» ብሎ ሰጠኝ። እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው ከፍቼ ያነበብኳት። እዚህ ኢንተርኔት አለ። ስትደውል አይቻለሁ። ያላነሳሁት ድምፅህን ብሰማ በሰው መሐል እጮሃለሁ ብዬ ነው።

በሚካኤል ዕለት አባባ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ማይኩን ከአፋቸው አስጠጋሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ዳኛቸው፣ ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም! ከክረምት ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው የድሮው ድምፃቸው ነው። ቀጭን ነው፣ ግን ሙሉ ነው። ልቤ ሊወጣ ደረሰ።

ጥቂት እንደሄዱ ማራገቢያው ማፏጨት ጀመረ። ከዚያ ጮኸ። አባባ ሰምተው ያቆማሉ፣ ካቆሙ ሁለተኛ አይችሉም ብዬ ደነገጥኩ። ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ ሳጥኑ ላይ ደረብኩበት። ድርብ አድርጌ፣ ዙሪያውን ጠቅጥቄ። ጩኸቱ ታፈነ። እንዴት ያለሁ ብልህ ነኝ አልኩ በልቤ!

ወረቡ ከፍ ከሚልበት ደርሰው መውረድ ሲጀምሩ ስክሪኑ ጠፋ። ጥቁር ሆነ። አባባ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። ምን ላድርግ? ላቁማቸው? አላቆምኳቸውም። እኔ ከጠፋ ሳጥን ፊት ተንበርክኬ፣ እሳቸው እስከ መጨረሻው ወረቡት። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገልጠው «ያዘልሽ?» አሉኝ።

«ያዘ፣ አባባ» አልኳቸው።

የመጨረሻ ቃላቸው ያ ነው። በማግሥቱ ድምፅ የሚባል አልወጣቸውም። በኋላ ሳበራው የቀዳሁት አልከፈት አለ፤ ባዶ ነው። እሳቸው ግን ድምፄ ተቀምጧል ብለው አምነው ነው ከሐኪሙ ቢላ ሥር የገቡት። አሁን ሲነቁ ያዩኛል፣ ፈገግ ይላሉ፣ ጆሯቸውን በጣታቸው ይነካሉ። አሰሚኝ ማለታቸው ነው። ቤት ስንገባ እላቸዋለሁ። ቤት ስንገባስ ምን ልላቸው ነው?

አንተን መርገም አምሮኛል፣ ራሴንም እንዲሁ። ስሜን ያነሳሉ ወይ ብለኸኝ ነበር። አያነሱም። ከሄድክ ወዲህ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ሳልነግርህ የቆየሁት ይከፋሃል ብዬ ነው፤ አሁን ግን ለማንም መከፋት የምጨነቅበት አቅም የለኝም።

አንድ ነገር ታደርጋለህ። ያንን ወረብ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠህ የሰማኸው አንተ ነህ። የያዝከውን ያህል ዘምረህ ላክልኝ። አልችልም፣ ረስቻለሁ፣ ደፍሬ እንዴት የሚል መልስ አልቀበልህም። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ። ባዶውን ሳጥን ከፍቼ አላሰማቸውም።

ማስተዋል


ጎተንበርግ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ለማስተዋል

የኔታን ያተረፈ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሳሁ። የምከራከርሽ ነገር የለኝም።

ዘመርኩት። ቤቴ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት አለ፤ መኪናዬን ከከተማ አውጥቼ በረዶ መሐል አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ በስልክ ቀዳሁት። ስጀምር የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ከመጣሁ ወዲህ አንድም ቀን አፌን ለዜማ ከፍቼ አላውቅም። ሰው ሲያልፍ አይቶ ቆመ፤ ሰክሮ ነው ሳይል አልቀረም።

መጀመሪያው አለ። መሐሉም ያለ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከፍ ካለ በኋላ የሚወርድበት ቦታ ላይ ጠፋብኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ይመለሳል። ከራሴ ፈጥሬ ልሙላው ብዬ ነበር፣ በየኔታ ዜማ ላይ እንዴት አድርጌ? እዚያ ቦታ ላይ ዝም ብያለሁ። ከዝምታው በኋላ የማስታውሰውን ጭራ ቀጥያለሁ።

ለፋሲል ልኬለታለሁ፣ በፍላሽ ያደርስልሻል። እውነቱን ልንገርሽ፤ መንገዱ ቢዘጋና ባይደርስሽ ደስ የሚለኝ ቀን አለ። የኔታ ድምፄን ሰምተው ተነስተው ከወጡም ጻፊልኝ። ፊታቸውን ካዞሩም ጻፊልኝ። እንደ ባለፈው አትደብቂኝ።

ዳኛቸው


ደብረ ታቦር፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ለዳኛቸው

ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ አንተንም ባለህበት ይጠብቅህ። አባባ ቤት ገብተዋል። አንገታቸው ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ አጥሚት ይጠጣሉ። ተማሪዎቹ ባመጡላቸው ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሉትን በጠመኔ ይጽፋሉ። ጽሕፈታቸው እንደ ድሮው ያምራል።

ፍላሹ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን አወጣሁ። ፕላስቲኩ በሙቀት ተኮማትሮ ቅባቱ ላይ ተለጥፏል። ላጥኩት፣ ጠረግሁ፣ በተረፈው ቅባት መልሼ ገጠምኩ። ከጠዋት እስከ ቀትር አበራሁት፤ አልጋለም፣ አልጮኸም። የፈለግሁት ጸጥታ እነሆ መጣ፤ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባባ ሰሌዳው ላይ «አሰሚኝ» ብለው ከጻፉ ሰንብተዋል። ምክንያት ስደረድር ቆይቼ በእሑድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ጽሕፈት ቤት ወስጄ አስቀመጥኳቸው። እናቴ በሩን ዘጋች። ከፈትኩት።

ገና የመጀመሪያውን ቃል ስትል ዞረው አዩኝ። ያንተ ድምፅ መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛ ቃል አላስፈለጋቸውም። አቆምኩትና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፕላስቲኩን፣ ጋቢውን፣ «ያዘ» ብዬ መዋሸቴን። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። መቋሚያቸውን ወደ በሩ ሲያዘነብሉ ሊወጡ ነው ብዬ ነፍሴ ወጣች። ለካ መሬቱን መታ አድርገው በአገጫቸው ወደ ኮምፒውተሩ አመለከቱኝ። ከመጀመሪያው አድርጊው ማለታቸው ነው።

ሰሙ። አንድ ቦታ ላይ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። መለስኩት፤ እዚያው ቦታ ደግመው መቱ። ስተሃል ማለታቸው ነው፤ የት እንደሆነ ከዚህ በታች ጽፌልሃለሁ። ሌላም ቦታ መቱ። እናቴ «አሁንስ ድሮ ተማሪ ሲቆጡ መሰሉ» አለች።

ዝም ካልክበት ቦታ ሲደርሱ አፋቸው ተከፈተ። ከአንገታቸው አየር ብቻ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ልደግፋቸው ስል በክንዳቸው ገፉኝ። እጃቸውን ከፍ አደረጉና ማውረድ ጀመሩ፤ ቀስ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና ቀስ ብሎ። ወረቡን በእጃቸው አወረዱት። ዝምታህ ሲያልቅባቸው በአገጫቸው መልሺ አሉኝ፤ መለስኩ። በዚህኛው ስልኬን አውጥቼ እጃቸውን በቪዲዮ ቀዳሁት። ፋሲል ይልክልሃል። እኔ አልገባኝም፤ አንተ ይገባህ እንደሆነ እየው።

ሲጨርሱ ደክሟቸው ነበር። ቤት እንሂድ ብላቸው እምቢ አሉ። ሰሌዳቸውን ጠየቁ። መጀመሪያ ስምህን ጻፉ፤ «ዳኛቸው» ብለው፣ በትልቁ። ከሥሩ አንድ ቃል ጨመሩና ወደ እኔ አዞሩት።

«ድገም» ይላል።

እህትህ ማስተዋል